በሸኹ ክፍል የፈሰሰ ውሃ

ሸኹ በማስተማሪያ ክፍላቸው ወለል ላይ ሞተው ተዘርግተዋል። ጭንቅላታቸው የኪታብ መደርደሪያው ጠርዝ ላይ ነው ያረፈው። አጠገባቸው ያለው የብርጭቆ ስባሪ ደም ነክቶታል፤ የእሳቸው እጅ ግን አልተቆረጠም። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ እጅጌያቸውንና እግራቸውን ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። ሴት ልጃቸው ከቀትር በኋላ ሞልታ ያስቀመጠችው ማንቆርቆሪያ ግን ባዶ ነው፤ በሩ ሥር ያለው ምንጣፍም ርሷል።

በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ከልጅቱ ሌላ የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሁለት ናቸው፤ አናጢው ወንድሟና «ጥንቅቁ» የሚባለው የሸኹ አንጋፋ ተማሪ፣ ደረሳው። ሁለቱም እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለዋል።

«ምን ነካህ?» አለች አናጢውን።

«መጋዝ። ያልተቆረጠ ጣት የለኝም።»

«ከአባትህ ጋርስ?»

«ኪታብ ትቼ እንጨት ስለያዝኩ ተኳርፈናል። ቢሆንም አባቴ ናቸው!»

ጥንቅቁ ረጋ ብሎ መለሰ። «ቤቴ ለሶላት ታጥቤ፣ ውዱእ አድርጌ ወጣሁ። የመስጊዱ በር ሚስማር ቧጨረኝ። ገብቼ የከሰዓቱን ሶላት፣ አስርን፣ አሰገድኩ፤ ሕዝቡ ምስክሬ ነው።»

«ተጣልታችኋል ይባላል።»

«የአቡ ሐኒፋን የሕግ መንገድ፣ መዝሀቡን፣ ብቻ ያስተምሩ አልኩ። እሳቸው የሌሎቹን መዝሀቦች ኢማሞች፣ ማሊክን፣ ሻፊዒን፣ አሕመድን እያመጡ ተማሪውን ያደናግራሉ። ‹ሻፊዒ ከማሊክ ተምሮ በሐሳብ ተለየው፤ ታዲያ ተጣሉ?› ይሉኛል።»

በማግስቱ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩን ብርጭቆ ቆርጦታል። ሸኹ ደረቅ ነበሩ፤ የታጠበው እሱ ነው፤ እጁን ብቻ ቢሆን ያ ሁሉ ውሃ ባላለቀ። እግሩንም ታጥቧል። ውዱእ ነው ያደረገው።» ወደ አናጢው ዞረች። «አንተ ብትቆረጥ?»

«እኔ ሻፊዒ ነኝ። ደሙን ጠርጌ እሰግዳለሁ፤ ውዱእ አያፈርስም።»

«አንተስ?»

ጥንቅቁ የተጠቀለለ እጁን ወደ ኋላው ሸሸገ። ልጅቱ መለሰች። «በአቡ ሐኒፋ የፈሰሰ ደም ያፈርሳል። በዚህ ስንቱን ሶላትህን ድገም ብሏል!»

መርማሪዋ ቀጠለች። «እንግዲህ በሩ ላይ ከተቆረጥክ እንደገና መታጠብ ነበረብህ። የመስጊዱ ቧንቧ ግን ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ደርቋል። አንተ ደግሞ ያለ ውዱእ አታሰግድም። የተቆረጥከውም የታጠብከውም እዚህ ነው።»

ጥንቅቁ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ገፋኋቸው እንጂ... ልገድላቸው አላሰብኩም።»

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞቱም ብሏል።»

«አባባ ምንም አላሉህም?» አለች ልጅቱ።

«ውሃ... አሉኝ። ሶላት ደርሶ ነበር። ለሁለታችን አይበቃም ብዬ...»

አናጢው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «‹የተማረ ይግደለኝ› ይሉኝ ነበር፤ ሲያናድዱኝ። ይኸው ገደላቸው።»

ጥንቅቁ ታሰረ፤ ክፍሉም ተዘጋ። ከኋላው የሰገዱት ሰዎች ያ ሶላት ይደገም አይደገም እያሉ ሲከራከሩ ከረሙ። ስለ ሸኹ ግን የሚያነሳ ጠፋ።