የአባቱ ፍሬን

ከድሬዳዋ ለገሃር ጀርባ፣ ከሐዲዱ ጎን ለጎን፣ ለባቡር ሠራተኞች የተሠሩ መልካቸው አንድ የሆነ ቤቶች ተደርድረዋል። ጣሊያን ወጥቶ አገር ከረጋ በኋላ ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ባቡር ነጂው አቶ ወልደ ማርያም ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አስካለማርያም ጋር ይኖሩ ነበር። አቶ ወልደ ማርያም ጢማቸውን በዘይት የሚያስተኙ ሰው ነበሩ፤ ዘይቱ ከሱቅ ይምጣ ከባቡሩ፣ እኛ ጎረቤቶች አጣርተን አናውቅም። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ያገኙትን ሁሉ ካላበሉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። የሰፈሩ ድመት በሙሉ ከእሳቸው ደጅ ወፍሮ አይጥ መያዝ ረስቶ ነበር።

በዚያ ሰፈር የነጂ ሚስት ሰዓት አታይም። እያንዳንዱ ነጂ ከከተማው በስተምዕራብ ካለው ኩርባ ሲደርስ የራሱን ጡሩምባ ይነፋል፤ ሚስትም የባሏን ለይታ ምሳ ታቀርባለች። የሌላ ሰው ጡሩምባ ሰምታ ወጥ ያሞቀች ሙሽራ ዓመት ሙሉ ይቀለድባት ነበር። የአቶ ወልደ ማርያም አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ነው። ያ ድምፅ ሲሰማ ከቤታቸው ሁለት ልጆች ተሽቀዳድመው ይወጣሉ፤ ማዘንጊያና ታናሽ ወንድሟ ዘገዬ።

አዬ ጊዜ! አንድ ዓመት ዝናቡ እንዳባራ ወባ ገባች። ማዘንጊያን ሳምንት እንኳ ሳታስተኛ ወሰደቻት። አባትየው ያን ቀን መንገድ ላይ ነበሩ፤ ምንም ሳያውቁ ኩርባው ላይ ጡሩምባቸውን ነፉ። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር... የወጣላቸው ልጅ አልነበረም። የሰሙት የሴቶች ለቅሶ ነበር።

ትንሹ ዘገዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ዝም አለ። ሲያጎርሱት ፊቱን ያዞራል፤ ሲጠሩት አይሰማም። እናቱ ጠበል አጠጡት፣ ከመጋላ ሰፈር ሼህ ጠርተው ዱዓ አስደረጉለት፤ ማን ያልተለመነ አለ? ልጁ እንደ ሻማ እያለቀ ሄደ። ሁለተኛውን ልጃችንን ቁጭ ብለን ልንቀብር ነው ብለው ባልና ሚስቱ እየተያዩ ያለቅሱ ነበር።

አንድ ቀትር ላይ ዘገዬ ከኩርባው አጠገብ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ የአባቱ ባቡር መጣ። ልጁ ብድግ ብሎ ከጎኑ መሮጥ ጀመረ። እኅቱ እዚያ ውስጥ ያለች መስሎት ይሆን? አባቱ በመስኮት አዩት፤ ያ እንጨት የመሰለ እግር ሲፈናጠር አዩ። ረዳታቸው ወርሳሜ የሚባል የሽንሌ ልጅ ነበር።

«ወርሳሜ፣ ፍሬኑን ያዝ!»

«ሐዲዱ ላይ ምን አለ ጋሼ?»

«ምንም የለም። ያዝ አልኩህ!»

ባቡሩ እያቃሰተ ቀሰስ አለ። ልጁ ቀደመው፤ ሐዲዱ ዳር የቆመውን የምልክት ምሰሶ በመዳፉ መታና ዞር ብሎ... ሳቀ! ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ! ማታ እራቱን ጠርጎ በላ። አቶ ወልደ ማርያም ጢማቸው በእንባ ርሶ፣ «ባቡር ቀደመ እኮ፣ አስካለ! ልጅሽ ባቡር ቀደመ!» እያሉ ቤት ለቤት አወሩ። እስቲ ፍረዱ፤ እንዲህ ያለ ሳቅ የሰማ አባት በማግሥቱ ፍሬኑን ይለቅ ነበር?

አልለቀቁም። ልጁ አደገ፣ ጎረመሰ፤ የሩጫው መነሻም ከኩርባው እየራቀ ባቡሩ ውሃ እስከሚቀዳበት ፌርማታ ድረስ ሄደ። እኛ ያን ፌርማታ ማማው እንለዋለን። ዘገዬ ከባቡሩ እኩል ከማማው ይነሣል፤ ሁልጊዜም ምሰሶውን ቀድሞ ይመታል። ወርሳሜ አንዳንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ዛሬ እንልቀቀው፤ ልጁ እኮ ጢም አብቅሏል» ይላል። «ነገ» ይላሉ አቶ ወልደ ማርያም። በማግሥቱም «ነገ» ይላሉ። ነገ የሚባለው ቀን ግን ለእኚያ ሰው አልመጣላቸውም።

ከሮማው የኦሎምፒክ ድል በኋላማ ድሬዳዋ አበደች። ትናንት ጫት ይዞ ከጥላ የማይነሣው ሁሉ ሯጭ ነኝ አለ። ሻይ ቤት ያለው ዑመር እንኳ ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሲያለከልክ ታየ። ባቡር የሚቀድመው ዘገዬ ወሬው ሐረር ደረሰ፤ የስፖርት አዋቂዎች መጥተው ምሰሶው ሥር ቆሙ። ያን ቀን ወርሳሜ ለመናቸው። «ዛሬ እንኳ ጋሼ! ሰዎቹ ሊመርጡት ነው የመጡት። እውነቱን ይወቅ!» አቶ ወልደ ማርያም በመስኮት ልጃቸውን አዩት። ቢቀደምስ? ያ ሳቅ ቢጠፋስ? «ያዝ» አሉ። ዘገዬም ቀደመ፤ አዲስ አበባ ለሚደረገው ታላቅ ውድድርም ተመረጠ።

ነገሩን ያፈረጠችው ሃዎ ናት። ሃዎ ከማማው ተሳፍራ መጋላ የግመል ወተት የምትሸጥ፣ ምላሷ እንጂ ልቧ ክፉ ያልሆነ ሴት ናት። ጣቢያ ሹሙ ፊት ቆማ፣ «ወላሂ ልጁ ይሩጥ፣ አላህ እግሩን ይባርክለት! የእኔ ግመል ግን ምን አደረገች? እሱ በሮጠ ቁጥር ባቡሩ ኤሊ ይሆናል፣ ወተቴ ፀሐይ ላይ ይቆመጥጣል!» አለች። ሰው ሳቀ። ሹሙ ግን አልሳቀም። ወርሳሜን ጠርቶ ጠየቀው። ወርሳሜ የሞተሩ ጥፋት ነው ብሎ ሊምል እጁን ሲያነሣ አቶ ወልደ ማርያም ያዙት። «ልጁን አታስምሉት። ያስያዝኩት እኔ ነኝ።» በዚያው ቀን ከባቡሩ ወርደው ፉርጎ አጣቢ ሆኑ። ዘይት የለመደው ጢም የሳሙና አረፋ ይዞ ታየ።

ዘገዬ ወሬውን የሰማው ዑመር ሻይ ቤት ነው። አንዱ ወስላታ፣ «አቦ ዘገዬ፣ አዲስ አበባስ ማን ፍሬን ይይዝልሃል?» አለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዑመር «ውጣልኝ!» ብሎ ሰውየውን አባረረው፤ ምን ያደርጋል? ዘገዬ እየሮጠ ፉርጎዎቹ ዘንድ ደረሰ። አባቱ ባልዲ ይዘው ጎንበስ ብለዋል።

«እውነት ነው አባባ?»

አባቱ ባልዲውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

«አንድ ቀን... አንድ ቀን እንኳ ሳያስይዙ ቀድሜዎት አውቃለሁ?»

ባልዲውን አስቀመጡ። ልጃቸውን ቀና ብለው አዩትና፣ «አላውቅም ልጄ። ለቅቄው አላውቅም» አሉ።

ዘገዬ በማግሥቱ አዲስ አበባ ሲሄድ አባቱ ያጠቡት ፉርጎ ውስጥ ተሳፍሮ፣ አንገቱን ሳያዞር ሄደ። እናቱ ስንቁን በመስኮት ሲያቀብሉት ብቻ ጉንጫቸውን ሳመ።

የውድድሩ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ዑመር ሻይ ቤት ሬዲዮው ሥር ተኮለኮለ። አሥር ሺህ ሜትር ነበር። ለካ ልጁ እውነትም ሯጭ ነበር! በንዴት ሮጠ፣ በእልህ ሮጠ፤ የአገሪቱን ሪኮርድ ሰብሮ ገባ! ዑመር ሻይ ሁሉ በነጻ ነው ብሎ ጮኸ፤ ኋላ ቆጭቶታል። አቶ ወልደ ማርያምን ሰው ትከሻው ላይ ሲያነሣቸው እሳቸው ግን ባንድ ነገር ተጨንቀው ነበር። «ሲጨርስ ውሃ ሰጡት? ሬዲዮው ምን ይላል? ውሃ ሰጡት ወይ?» ጋዜጠኛው በመጨረሻ፣ «ሩጫ ማን አስተማረህ?» ብሎ ጠየቀው። የዘገዬ ድምፅ ከሳጥኑ ወጣ።

«ማንም።»

አቶ ወልደ ማርያም ከሰው ትከሻ ላይ ቀስ ብለው ወረዱ፤ ባርኔጣቸውን ፈልገው፣ አቧራውን አራግፈው ወጡ።

ዘገዬ አዲስ አበባ ወታደር ቤት ገብቶ ቀረ። ሪኮርዱን በዓመቱ ደግሞ ራሱ ሰበረው። ልጁ አንድ ባሸነፈ ቁጥር አባትየው አንድ ደረጃ ይወርዳሉ። የጭስ ዘመን ያወረሳቸው ሳል ደረታቸውን በላው፤ ከፉርጎ ማጠቡም ወጡ። ቤቱ የኩባንያው ነበርና ለአዲሱ ነጂ ተሰጠ። አዲሱ ነጂ ማን ሆነ ትላላችሁ? ወርሳሜ! ወርሳሜም ቁልፉን ተቀብሎ፣ «እኔ ብቻዬን ነኝ፣ የኋላዋ ክፍል ትበቃኛለች» ብሎ ትልቁን ቤት መልሶ ሰጣቸው። ከወንድም የሚገኝ ነገር ነው ይህ? ቢሆንም ቤቱ ቤት አልሆነም። ጡሩምባ በተሰማ ቁጥር ሽማግሌው ትራሳቸው ላይ ቀና ይላሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ይተኛሉ። ወይዘሮ አስካለ የሚያበሉት ሰው አጡ። ድመቶቹ እንኳ ከሱ።

አንድ ክረምት ሐኪሙ ተስፋ ቆረጠ። ወርሳሜ ባቡሩን አዲስ አበባ ለገሃር አቁሞ በቀጥታ ወታደር ቤት ሄደ።

«አባትህ ሊሞቱ ነው። ተነሣ።»

«ዋሽተውኛል ወርሳሜ። አገር ሁሉ እያወቀ እኔን መሳቂያ አደረጉኝ።»

«ወሪያ ዘገዬ! ስማኝ! እኅትህ ስትሞት ከሰው ዓለም ወጥተህ ነበር፤ አታስታውሰውም። መጀመሪያ የሳቅህ ቀን ፍሬኑን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ! ሽማግሌው እንዴት እንዳለቀሱ ያየሁት እኔ ነኝ። ባቡር አልነበረም የያዙት፤ አንተን ነው... እንዳትሄድባቸው!»

ዘገዬ ካፖርቱን ከሚስማሩ አወረደ።

አብረው መጡ። ወርሳሜ ባቡሩን እንደዚያ ነድቶት አያውቅም። ግን ዕድል ደግሞ ዕድል ነው! ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሮ ጎርፍ ኩርባው ላይ ያለውን የሐዲድ አፈር ጠርጎ ወሰደው፤ ብረቱ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ አየር ላይ ቀረ። ባቡሩ ማማው ላይ ቆመ። ዘገዬ ወርሳሜን አየው፤ ወርሳሜም በአገጩ ወደ ድሬዳዋ አመለከተው። «እንግዲህ የሚይዝልህ የለም» አለው።

ዘገዬ ሮጠ! በቆዳ ጫማ፣ በጭቃ ሮጠ። የሚቀድመው ባቡር የለም፤ የሚያጨበጭብ የለም። በተንጠለጠለው ሐዲድ ላይ በእጅና በእግሩ ተሻገረ። ምሰሶው ጋ ሲደርስ በልማድ በመዳፉ መታውና ወደ ቤቱ ታጠፈ።

ሐዲዱ መቆረጡን እኛ ሰምተናል፤ ክፍሉን ሞልተን ተቀምጠን ነበር። ሃዎም ለበሽተኛው ወተት ይዛ መጥታ ጥግ ላይ ነበረች። በሩ ሲከፈት ጭቃ የለበሰ ሰው ገብቶ አልጋው ሥር ተንበረከከ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ዘገዬ... ጡሩምባ አልሰማሁም። ባቡሩስ?»

ዘገዬ ትንፋሹ እየተቆራረጠ የአባቱን እጅ ሳመ።

«ከኋላዬ ነው አባባ። ቀደምኩት።»

«ማን ነው የነዳው?»

«ወርሳሜ።»

ሽማግሌው ሁላችንንም በተራ አዩን። ጌታ ሆይ፣ ምን እንበል? ያን ጊዜ ሃዎ ከጥጉ ተነሣች።

«ወላሂ እኔም አይቻለሁ! ባቡሩ ገና ኩርባው ላይ ነው። እንዴት ያለ ፈረስ ወለዱ፣ አባ ዘገዬ!»

ፊቷንም በሻሿ ሸፈነች። አቶ ወልደ ማርያም ፈገግ አሉ።

«ወርሳሜ...» አሉ፣ «ወርሳሜ በራሱ ፈቃድ ፍሬን አይይዝም።»

«አይይዝም አባባ።»

«እንግዲያስ ቀድመኸዋል። አስካለ፣ ምሳ አቅርቢለት። ሮጦ ነው የመጣው።»

ወይዘሮ አስካለ እንባቸው ሰሃኑ ላይ እየወረደ አቀረቡ። ዘገዬ ጎረሰ፤ አባቱ ሲጎርስ አዩት። ሁለተኛውን ጉርሻ ሲያነሣ ግን ዓይናቸው ማየቱን ትቶ ነበር።

ሐዲዱ የተጠገነው ከቀብሩ በኋላ ነው። ወርሳሜ ባቡሩን ይዞ ኩርባው ላይ ሲደርስ የራሱን ጡሩምባ አልነፋም። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ነፋ። ወይዘሮ አስካለ ከሐዘን ምንጣፋቸው ብድግ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ወጡን ሊያሞቁ ከጣዱት በኋላ ቆመው ቀሩ። ዘገዬ ከኋላ አቅፎ መለሳቸው።

የዘገዬን ሪኮርዶች ኋላ ሌሎች ሰበሯቸው፤ ሪኮርድ ዕጣው መሰበር ነው። ከማማው እስከ አባቱ አልጋ የሮጣትን ሩጫ ግን ማንም አልለካት፣ የትም አልተጻፈች። አንዳንድ ቀን ወደ ማታ፣ ሥራው ሁሉ አድክሞን ደጅ ስንቀመጥ አስባታለሁ። ለልጅ ተብሎ የተያዘ ፍሬን፣ ለአባት ተብሎ የተዋሸ ውሸት... ፈጣሪ በየትኛው ሚዛን ይመዝናቸው ይሆን? እኔ እንጃ። እኛ ሰዎች ደካሞች ነን፤ ከምንወደው ሰው እኩል ለመድረስ አንዱ ይሮጣል፣ አንዱም ይዘገያል። ወርሳሜ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ኩርባው ላይ የነፋው ያንኑ ነው፤ ወይዘሮ አስካለም እስኪያርፉ ድረስ በሰሙት ቁጥር አንድ ሰሃን ይጨምሩ ነበር።