የግራው ገንቦ

ሊቀመንበር ሽበሺ ጎንበስ ብለው የግራውን ገንቦ አቀፉ። በሸክላው ክብደት ላይ የሕዝቡ ባቄላ ተጨምሮበት ከብዷል። እንደ ምንም ወደ ቀኝ ወስደው አስቀመጡትና ባዶ ለመሆን ጥቂት የቀረውን የራሳቸውን ገንቦ ወደ ግራ ገፉት።

«አየሽ?» አሏት ልጃቸውን፣ እያለከለኩ። «አሁን ገበሬ ማኅበሩ የመረጠው እኔን ነው።»

ታንጉት ከበሩ ጋር ተጣብቃ ቀረች። ውጭ፣ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ፣ ሕዝቡ ውጤት ይጠብቃል። ጧት አንድ በአንድ እየገባ፣ ሊቀመንበሩን የፈለገ በቀኙ፣ ተፎካካሪያቸውን ክንዴን የፈለገ በግራው ገንቦ አንዳንድ ፍሬ ባቄላ ጥሏል። ቆጣሪ እንድትሆን የመረጧት መሠረተ ትምህርት ያስተማረቻቸው ገበሬዎች ነበሩ። «ታንጉት ከቆጠረችው እናምናለን» ብለው።

ክንዴን ያወቀችው ባለፈው ክረምት ነው። የዳባት ገበያ ሲበተን ዶፍ ወረደ። ስሙን እንኳ የማታውቀው ጎበዝ ገሳውን አውልቆ አለበሳትና ራሱ እየበሰበሰ ከጎኗ ተራመደ።

«አንተስ?» አለችው።

«እኔን ዝናቡ ያውቀኛል» አላት።

ሳቀች። ከዚያ ወዲህ የገበያ ቀን ሲደርስ ልቧ ቀድሟት ይሄድ ጀመር። ሽማግሌ ሊልክ ሲያስብ ግን አፈሳ መጣ። ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄደውን የሚለዩት ሊቀመንበሩ ነበሩ፤ የዘመዶቻቸው ልጆች እየቀሩ የደኻው ልጅ ይጫናል። የወይዘሮ ማንጠግቦሽ አንድያ ልጅ የታፈሰ ሰሞን ክንዴ በስብሰባ መሃል ተነሣ።

«የመሬት አዋጁ ከወጣ ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ ነዎት፤ አርጅተዋል፤ ይበቃዎታል» አላቸው።

ሕዝቡ ለምርጫ እሱን አቀረበ። የሁለቱ የፍቅር መንገድም በዚያው ቀን ተዘጋ።

«አባዬ፣ እኔ ይህን አልናገርም» አለች ታንጉት።

አባቷ ላባቸውን ጠረጉ። ድምፃቸው ለሰለሰ። «ስሚኝ ልጄ። እንደምትወጂው አውቃለሁ። ‹አባቴ አሸነፉ› ብለሽ ተናገሪ፤ ሽማግሌ ይላክ፣ ለእሱ እድርሻለሁ።» በመስኮቱ ወደ ቆመው ወታደራዊ መኪና ጠቆሙ። «እንቢ ካልሽ ግን ዛሬውኑ በዚያ ይጫናል። ከሄዱት ማን ተመለሰ?»

ማንም አልተመለሰም። ታንጉት ይህን ታውቃለች።

ወጣች። ክንዴ ከፊት ቆሞ ነበር፤ ሲያያት ፈገግ አለ። እንዲያ ባያምናት በወደደች።

«ያሸነፉት...» ከክንዴ ፊቷን አዞረች። «ያሸነፉት ሊቀመንበር ሽበሺ ናቸው።»

ያጨበጨበው ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ብቻ ነበር። ክንዴ አልተቆጣም፤ ዓይኑን ብቻ ቀስ ብሎ ከእሷ ላይ አነሣ።

ወዲያው ሁለት ታጣቂዎች ግራ ቀኝ ይዘው ወደ መኪናው ይገፉት ጀመር።

«አባዬ! ምን ነበር ያሉኝ?»

«የተሸነፈ ሰው መንደር ከቀረ ነገ ያሳምፃል» አሉ ፊቷን ሳያዩ። «ትረሺዋለሽ።»

ያን ጊዜ ፍርሃቷ ጥሏት ሄደ። ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ወጣች።

«ዋሽቻለሁ!» ብላ ጮኸች። «ያሸነፈው ክንዴ ነው! አባቴ ገንቦውን ሲቀይሩት በዓይኔ አይቻለሁ!»

መጀመሪያ የተነሡት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ናቸው። መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ሄደው ከመኪናው ጎማ ፊት ዘርፈጥ ብለው ተቀመጡ።

«የእኔን ወስዳችኋል፤ ይህን የምትወስዱ ከሆነ በእኔ ላይ ሂዱ!»

ሴቶቹ ተከተሏቸው፤ ከዚያም ወንዶቹ። ካድሬው ወደ ሰማይ ተኮሰ። በትርምሱ መሃል ክንዴ ከተጫነበት መኪና ዘለለና ዙሪያውን ቃኘ። የሚፈልገው ማምለጫ አልነበረም፤ ታንጉትን ነበር።

«ነይ!» አላት።

ሮጠች። ታጣቂዎቹ ሲያነጣጥሩ አባቷ «አትተኩሱ! ልጄ ናት!» ብለው ሲጮኹ ከኋላዋ ሰማች። ጠመንጃዎቹ ዝም አሉ።

የሰሜን ተራሮችን ገደል ታከው ወደ በየዳ ብዙ መንገድ ተጓዙ። ክንዴ በድንገት ቆመ።

«ለምን ዋሸሽ?»

«በሕይወት እንድትቀርልኝ።»

«እውነቱንስ ለምን ተናገርሽ?»

«ዓይንህን ከእኔ ላይ ስታነሣ... እንዲያ ሆነህ ከምትለየኝ...» እንባ ቃሏን ቆረጠው።

እጇን ያዘ። «ከእንግዲህ አላነሣውም» አላት።

በየዳ የክንዴ አክስት ቤት ተጠጉ፤ የደብሩ ቄስም ባርከው አጋቧቸው። ምርጫው ግን ተደገመ። ሊቀመንበር ሽበሺ ያለ ተፎካካሪ ቀርበው በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደባርቅ ታስረው ከረሙ። ታንጉት ይህን የሰማች ዕለት እህል አልቀመሰችም።

መስከረም ሲጠባ ክንዴ ወደ አማቱ ለዕርቅ ሽማግሌዎች ላከ። ሲመለሱ ታንጉት ከደጅ ተቀበለቻቸው።

«ምን አሉ?»

«‹ልጅ የለኝም› አሉን» አሉ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አባ ድረስ።

ታንጉት አንገቷን ደፋች።

«ተሰናብተን ስንወጣ ግን እስከ አጥሩ ተከተሉን። ‹የበየዳን ብርድ ቻለችው ወይ?› ብለው ጠየቁን።»

«ምን አላችኋቸው?»

«‹ብቻዋን አይደለችም› አልናቸው።»

ታንጉት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ክንዴም መጥቶ አጠገቧ ቆመ።