ወራጅ ያለበት ሰማያዊ

ልብስ ሰፊዋ ከአዲሱ ፌርማታ ሥር፣ ቦዩ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ጎርፉ አንድ ጫማዋን ወስዶ ወሬውን ለሰፈሩ ትቶ ሄደ። ከአውቶቡስ ሾፌሩ ጋር ስትጨቃጨቅ ያዩ ነበሩና «ገፍትሯት ነው» ተባለ፤ ታሰረ። ወሬኛ ዳኛ ሲሆን እንዲህ ነው።

መርፌ የሚሏት መርማሪ እስር ቤት ሄዳ ጠየቀችው።

«ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«ዳገቱ ላይ አውርደኝ አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። ከፌርማታ ውጪ ካወረድኩ ከሥራ እባረራለሁ፣ እህቴ። ያሳደገችው የወንድሟ ልጅ ግን ብልጥ ነው፤ ሰሞኑን ዳገቱ ላይ መብራት ሲይዘኝ ዘሎ ይወርዳል።»

የወንድሟ ልጅ የመንገድ ቢሮው ካርታ ሠሪ ነው። ነዋሪው ስለ አውቶቡሱ መስመር ሐሳብ ይስጥ ተብሎ፣ እሱ የሣለው ትልቅ ካርታ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሰው ሁሉ ሰማያዊ ወረቀት ለጥፎበታል። ከግርጌው «ወራጅ ያለበት ሰማያዊ» ይላል። ቦዩ ዘንድ አንድም ሰማያዊ የለም።

«የፌርማታው ቦታ ነዋሪው ራሱ የመረጠው ነው» አለ የቢሮው ኃላፊ። «ካርታው ይናገራል።»

«መናገሩንስ ይናገራል። የሚሰማው ነው የጠፋው።»

በማግስቱ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። ሾፌሩም በካቴና መጣ። የሟችን ጎረቤት አሮጊቷን አስቀደመች።

«እማማ፣ ወራጅ ምንድን ነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ከአውቶቡስ የሚወርድ ሰው ነዋ። የምንወርድበት ላይ ለጠፍን።»

ኃላፊው ሳቀ። «ኧረ ወራጅ ውሃ ነው እማማ፤ ጎርፍ። ጎርፍ ካለበት ፌርማታ ልናርቅ...» ሳቁን ሳይጨርስ ዋጠው።

«ገባህ?» አለች መርፌ። «እነሱ መውረጃቸውን አሳዩ። እናንተ ጎርፍ ነው ብላችሁ ሸሻችሁት። ባዶ ያገኛችሁት ቦታ ላይ ፌርማታ ተከላችሁ። ባዶ የሆነው ግን ጎርፉን አውቀው ስለማይወርዱበት ነው። የገፈተራት ሰው የለም፤ ጎርፉ ነው የወሰዳት። ያወቀ ግን አለ።»

ወደ ካርታ ሠሪው ዞረች።

«ፌርማታው ደጃፍህ ላይ ነው። ለምን ዳገቱ ላይ ትወርዳለህ?»

«ስህተቱን ሳየው... ለካርታው በሰው ፊት አጨብጭበውልኝ ነበር። ተሳሳትኩ ማለት አፈርኩ።»

«አንተ እንዳታፍር እሷ አፈር ገባች» አለች አሮጊቷ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኛስ? ሲተክሉት ቆመን እያየን፣ የተማረ ያውቃል ብለን አፋችንን ዘጋን።»

የሾፌሩ ካቴና ተፈታ። ሲወጣ ካርታ ሠሪው ዘንድ ቆም አለ።

«እሷ ወራጅ አለ እያለች ስትጮህ እኔም ዳገቱን አልፌ ነድቻለሁ» አለው። «ካንተ አፍ ግን አንድ ቃል አልወጣም።»