ዶክተሩ ያለው ሁሉ

«ምን አለ?» አለች ቀመሪያ።

ዶክተሩ ንግግሩን ጨርሶ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አጣምሯል። በክፍሉ ውስጥ የተናገረውን የተረዳችው ሪሀና ብቻ ናት። እናቷ ሐዋም ሆነች አክስቷ ቀመሪያ በዐረብ አገር ብዙ ዓመት ኖረዋል፤ ዐረብኛውን ከገበያም ከማድ ቤትም ለቅመውታል። ይህ ሕንዳዊ ሐኪም ግን የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው። ሪሀና ከትምህርት ቤት ቀርታ አል መጃዝ ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ የመጣችውም ለማስተርጎም ነበር።

ያለው ነገር ግልጽ ነበር። በአክስቷ ዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳት እየሞቱ ነው። ቀድመው የተጎዱት በጨለማ የሚያዩትና የእይታን ዳር ዳር የሚጠብቁት ናቸው፤ የመሐሉ ለጊዜው ደኅና ነው። በሽታውን የሚመልስ መድኃኒት ለእርሷ ዛሬ የለም። በምን ፍጥነት እንደሚሄድም ማንም ሊናገር አይችልም።

ሪሀና የአክስቷን ፊት አየች። ቀመሪያ ምላሹን ሳትሰማ ገና ፈገግ ለማለት ተዘጋጅታ ነበር።

«ድካም ነው» አለች ሪሀና። «ዓይንሽ ደክሟል፣ ደርቋልም። ጠብታ ያዝልሻል። አብሽሪ፣ አክስቴ።»

«አልሃምዱሊላህ!» ቀመሪያ ደረቷን በእጇ ደገፈች። «አላልኩሽም እታለም? ሽንኩርት ነው ያደከመኝ። የምሠራበት ቤት ሰው ያለ ሽንኩርት ሻይም የሚጠጣ አይመስለኝም።»

ሐዋ ሳቀች። ዶክተሩ ረጅም ንግግሩ በአማርኛ ይህን ያህል ማጠሩ አልገባውም። «ሁሉንም ነገርሻት?» ሲል ሪሀናን ጠየቃት። እርሷም ራሷን ነቀነቀች። ዶክተሩ በሚቀጥለው ሳምንት እንዲመለሱ፣ ያን ዕለት ስለ ሥራዋ የምታነጋግራት ባለሙያ እንደምትገኝ ነግሯት ተነሣ።

ቀመሪያ አጅማን ወዳለው የአሠሪዎቿ ቤት ስትመለስ፣ ሪሀናና እናቷ ወደ ሰፈራቸው ወደ አል ናህዳ የሚወስደውን አውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገዱ እንደ ወትሮው ተዘግቶ ነበር። አውቶቡሱ በቆመበት ሪሀና እውነቱን ለእናቷ ተናገረች። ሁሉንም ነገረቻት፤ አንድም ቃል አላስቀረችም።

ሐዋ የልጇን እጅ ያዘች።

«ደግ አደረግሽ» አለች። «ትልቅ ሰው ሆነሻል።»

ሪሀና ይህን ቃል ከእናቷ አፍ ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝታ ነበር። አሁን ሲመጣ ግን እንደ ተሰረቀ ዕቃ እጇ ላይ ከበዳት።

«ግን እኮ መዋሸቴ ነው፣ እማ።»

«ውሸት አይደለም፤ ማቆየት ነው። ለታመመ ሰው በሽታውን መንገር መቃብሩን ማሳየት ነው። በእኛ አገር እንዲህ አይደረግም።» ሐዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ካወቀች ‹ዓይኔ ሳይጠፋ ልጆቼን ልይ› ብላ አገሯ ትገባለች። ከሄደች ደግሞ ኸላስ፣ አበቃ። ከአገራችን የቤት ሠራተኛ እንዳይመጣ የተጣለው እገዳ እስካለ ድረስ መመለሻ የለም። ሹግሏን፣ ሥራዋንም፣ ልጆቿን የምታስተምርበትንም አንድ ላይ ታጣለች። እንግዲህ አደራ፤ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር።»

ዓርብ ቀመሪያ ዕረፍቷ ነበርና ልትጠይቃቸው መጣች። ሐዋ ሳትዋ ሰፈር ካለው፣ ከምትሠራበት የልብስ ስፌት ቤት አልተመለሰችም ነበር። ቀመሪያ ዳቦ እንግዛ ብላ ሪሀናን ይዛት ወረደች፤ ሪሀና ግን አክስቷ ብቻዋን ልታናግራት እንደፈለገች ወዲያው ገባት።

«የሐኪሙን ጠብታ አደረግሁ» አለች ቀመሪያ። «ለውጥ የለም። ግን እሱ ዓይኔ ደኅና ነው ብሏል አይደል?»

ሪሀና ወደ ዳቦ ቤቱ እርምጃዋን አፈጠነች።

«እንግዲያው የዓይን ነገር አይደለም። ነገሩ ሌላ ነው።» ቀመሪያ ግራና ቀኝ ተመለከተች። «ለእናትሽ እንዳትነግሪብኝ። ጂኒ ነው፣ ሪሁ። ቅድም ባዶ የነበረው ቦታ ላይ ድንገት ሰው ይቆማል። የማዳም፣ የአሠሪዬ፣ ትንሿ ልጅ ከየት እንደመጣች ሳላያት እግሬ ሥር ትገኛለች። በሩ ተከፍቶ አልነበረም እላለሁ፤ ይመታኛል። ሲመሽማ አይነገርም። ሰው እንዳያየኝ አድርጌ ቁርኣን እቀራለሁ፣ ዋላሂ እቀራለሁ፤ አልለቅ አለኝ።»

«አክስቴ፣ ጂኒ አይደለም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ የትምህርት ቤት ልጅ! ሐኪሙ ምንም የላት ካለ ምን ይቀራል? ወይ ጂኒ ነው፣ ወይ ደግሞ አብጃለሁ።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአፏ አላለፈም። «በይ ተይው። የምሥራች አለኝ። የማዳም ትልቋ ልጅ ወልዳለች። ከአገር ቤት አዲስ ሠራተኛ ማስመጣት ስለቆመ ሰው አጡ። ‹ሌሊት ሕፃኗን አንቺ ያዢያት፣ ስታለቅስ ከፎቅ ወደ እናቷ ታወርጂያታለሽ› አሉኝ። ጭማሪም አለው። በሚቀጥለው ሳምንት እጀምራለሁ።»

ሪሀና የዚያን ቤት ደረጃ ታውቀዋለች። ለዒድ ሄዳ አይታዋለች፤ እብነ በረድ ነው፣ በመሐል ይጠማዘዛል፣ መደገፊያው በአንድ ወገን ብቻ ነው። የገዙት ትኩስ ዳቦ እጇን እያቃጠላት እንኳ አልተሰማትም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከሚኖሩበት ሕንፃ በታች ሁለት ወረቀት ጠቅልላ እንደ ቧንቧ ዓይኖቿ ላይ አደረገች። አብሯት በአንድ ክፍል የሚማረው ጎረቤቷ ሊበን በመደነቅ ቆሞ ያያት ጀመር።

«ምንድን ነሽ? የመርከብ ካፒቴን?»

«ዝም ብለህ ከኋላዬ ና። ካልወደቅሁ በቀር እንዳትይዘኝ።»

«አቦ ሪሀና፣ ሰው እያየን ነው! ነገ ትምህርት ቤት ሙድ ሲይዙብኝ አንቺ አትሰሚ።»

መራመድ ጀመረች። በወረቀቱ ጫፍ የሱቁ በር ጥርት ብሎ ይታያታል፤ የዋጋውን ጽሑፍ እንኳ ማንበብ ትችላለች። በበሩና በእርሷ መካከል ያለው ዓለም ግን የለም። ጉልበቷ አንድ ሰው ትቶት በሄደው የዕቃ ጋሪ ላይ ተላተመ። ተመልሳ ቆመች፣ ሁለት እርምጃም ሄደች። ምግብ የሚያደርስ ብስክሌተኛ ከባዶ ቦታ ዱብ ብሎ አፍንጫዋ ሥር አለፈ። ሊበን ልብሷን ይዞ ባይጎትታት ኖሮ ከብስክሌተኛው ጋር አብረው ይወድቁ ነበር።

«ከየት መጣ?» አለች ሪሀና፤ ወረቀቱ ከእጇ ወድቋል።

«ከጎንሽ ነዋ! ከሩቅ ጀምሮ ደወል እየደወለ ነው የመጣው።»

ጂኒው ይህ ነበር። ሪሀና እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ለሊበን ሁሉንም ነገረችው። ሊበን መቀለድ ቢወድም ሰው ሲናገር ማቋረጥ አያውቅም።

«ቆይ ቆይ» አለ በመጨረሻ። «እሷ አብጃለሁ እያለች ነው። አንቺ ደግሞ እንዳላበደች ታውቂያለሽ። እና ዝም ብለሻል?»

«እናቴ አደራ ብላኛለች።»

«እናትሽን አከብራለሁ፤ ግን ይሄ ፋውል ነው። ዓይኑ የማነው?»

ማታ እራት ሲያቀርቡ ሪሀና ስለ ጂኒውም፣ ስለ ሕፃኗም ለእናቷ ነገረቻት። ሐዋ ሰሃኑን አስቀመጠች።

«የሌሊቱን ሥራ እንድትተው እኔ ሰበብ እፈልጋለሁ። ወገቧን ያማታል እላለሁ።»

«በአንድ ውሸት ላይ ሌላ ውሸት?»

«አፍሽን ያዢ! አባባ ኢብሬን አታውቂውም፤ እኔ አውቀዋለሁ። የአባቴ ወንድም ነበር። ዓይኑ ጠፋ ከተባለበት ቀን ጀምሮ ማንም ሥራ አላዘዘውም፣ ማንም ምክር አልጠየቀውም። ከግድግዳው ጥግ አስቀምጠው አጎረሱት። እስኪሞት ድረስ አጎረሱት!» የሐዋ ድምፅ ተሰበረ። «እህቴን እንደዚያ አላያትም። ጨርሻለሁ።»

አንድ ነገር ግን በሪሀና ልብ ተቀመጠ። አባባ ኢብሬን ከጥግ ያስቀመጠው ዓይኑ አልነበረም።

በቀጠሮው ቀን ሐዋ ከሥራ አስፈቅዳ አብራቸው መጣች። ከክሊኒኩ በር ላይ የልጇን ክንድ ጨብጣ በጆሮዋ «እንደ ባለፈው» አለቻት። ውስጥ ከዶክተሩ ጎን ቶብ የሚባለውን የሱዳን መጎናጸፊያ፣ ግራጫውን፣ የለበሰች ሱዳናዊት ተቀምጣለች። ኢልሃም እባላለሁ፣ የማየት ችግር ያለባቸው ሰዎች ሥራቸውን እንዳያጡ የማግዝ ነኝ ስትል በእንግሊዝኛ ራሷን አስተዋወቀች። ከዚያም ፊቷን ወደ ቀመሪያ መለሰች፤ ዓይኗንም ከእርሷ ላይ አላነሣችም።

ዶክተሩ መናገር ሲጀምር ሪሀና እጇን አነሣች።

«ይቅርታ፣ ዶክተር። ባለፈው ሳምንት አልነገርኳትም። እባክህ ከመጀመሪያው ድገምልኝ፤ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር።»

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ተመለከታት፤ አልተቆጣም። ሪሀና ወደ አክስቷ ዞረች።

«አክስቴ፣ ያን ዕለት የነገርኩሽ እሱ ያለውን አይደለም። እኔ የፈጠርኩት ነው። አሁን ያለውን ሁሉ እነግርሻለሁ።»

«ሪሀና!» አለች ሐዋ። «ተነሺ፣ እንሂድ። ያላ!»

«አልነሣም፣ እማ። በእኔ አፍ ነው የሚነገራት፤ አፌን ለውሸት ዳግመኛ አላውሰውም።»

በሕይወቷ እናቷን እንዲህ ብላ አታውቅም። ዶክተሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል፤ እርሷ ታደርሳለች። ስለሞቱት ሕዋሳት፣ ስለጠበበው እይታ፣ ስለ ጨለማ። ተመራማሪዎች የተበላሸውን የዘር መልእክት በደኅና ለመተካት እየሠሩ እንደሆነ፣ ለበሽታው አንድ ዓይነት በሌላ አገር ሕክምና መፈቀዱን፣ የቀመሪያ ግን የዚያ ዓይነት አለመሆኑን። «‹ተስፋ የለም አልልም፤ ቀን ቆርጬም ቃል አልገባም› ይላል» አለች።

ቀመሪያ ሳትንቀሳቀስ ሰማች።

«ጂኒ አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም።»

«አላበድኩም?»

«አላበድሽም፣ አክስቴ።»

ቀመሪያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲርገበገብ ሐዋ ተነሥታ ልታቅፋት ቀረበች። ቀመሪያ ግን እጇን አውርዳ እህቷን ቀና ብላ አየቻት።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«እታለሜ፣ እንዳትጎጂ ብዬ...»

«ሐዋ! በገዛ ዓይኔ ላይ ማን ሾመሽ? ሌሊት ሌሊት ለራሴ ስቀራ ስከርም! ሕፃን ይዤ ደረጃ ልወርድ ነበር እኮ። ጥያት ቢሆንስ? ለማን ‹ዓይኔ ደክሞ ነው› እላለሁ? ለፖሊስ?»

«እንደ አባባ ኢብሬ ጥግ ተቀምጠሽ እንዳላይሽ ብዬ ነው።»

«ጥግ እቀመጣለሁ ያለሽ ማነው?»

ሐዋ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ለቀመሪያ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም፤ ኢልሃምን በዐረብኛ ራሷ ገጠመቻት። ኢልሃም ማዳምን አብረን እናነጋግራት፣ ደረጃው ጠርዝ ላይ ቢጫ መስመር ይለጠፍ፣ መብራት ይጨመር፣ ቀመሪያም በዘንግ መሄድ አሁን እያየች ሳለች ትማር አለች። ሥራ ከጠፋ በኋላ ሌላ ከመፈለግ የያዙትን ማስተካከል ይቀላል አለች። ቀመሪያ አንዳንዱን ተቀበለች፣ አንዳንዱን አልተቀበለችም።

«መጀመሪያ ለማዳም የምናገረው እኔ ነኝ። ሕፃኗን ሌሊት አልይዝም፣ ምግቡን ግን ከእኔ የተሻለ የሚሠራው የለም እላታለሁ። አንቺ ከዚያ በኋላ ትመጫለሽ።»

«‹ሂጂልኝ› ብትልሽስ?» አለች ኢልሃም። «ሌላ ቦታ እፈልግልሻለሁ፤ ማግኘቴን ግን ዛሬ ልምልልሽ አልችልም።»

ቀመሪያ አገጯን አነሣች። «እገዳው መመለሻዬን ዘግቶብኛል። በእሷስ ላይ አልዘጋም? ማንን ልታመጣ ነው? ትልቁ ችግር፣ ትልቁ ሙሽኪላ ያለው እሷ ላይ ነው፤ እስኪ ሂጂ ትበለኝ!»

ኢልሃም ሳቀች። ከተቀመጠች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሐዋ ደግሞ አንገቷን ደፍታ እያለቀሰች ነበር፤ ቀመሪያ ሳታያት እጇን ዘርግታ ጉልበቷን ፈልጋ ያዘቻት፤ ንግግሯን ግን አላቋረጠችም።

ያን ጊዜ ዶክተሩ ለሪሀና ብቻ በሚሰማ ድምፅ አንድ ነገር ጨመረ። በሽታው በዘር የሚሄድ ነው፤ የቀመሪያ እህት ብትመረመር መልካም ነው። የእህቷም ልጅ።

ሪሀና ዙሪያዋን አየች። የሰማ ሌላ ሰው አልነበረም። ባትናገረው ክፍሉ አሁን እንዳለ ይቀጥላል፤ አክስቷ ትከራከራለች፣ እናቷ እንባዋን ትጠርጋለች፣ ወደ አል ናህዳ የሚወስደውን አውቶቡስ ተሳፍረው ይመለሳሉ።

ወንበሯን ጎትታ ከእናቷ ፊት ለፊት አደረገችና ተቀመጠች።

«እማ፣ ይሄኛው ስለ እኔና ስለ አንቺ ነው» አለች፤ ድምፅዋን ሳትቀንስ ከመጀመሪያው ቃል ጀመረች።