ባዶ የተተወው መሃል

የቼዝ ሻምፒዮኑ ነጩን ንጉሥ በገዛ እጁ አጋድሞ ሽንፈቱን ተቀበለ። ከጎን ካለው የኮት ክፍል ቴርሞሱን አምጥቶ ሻዩን ተጎነጨና ከሰሌዳው ጎን ወለሉ ላይ ተደፋ። አልተነሳም።

ጥቁሩን ይዛ ያሸነፈችው ልጅ ከወንበሯ መነሳት አቃታት። ዝምታዋን አይተው «ድመቷ» ይሏታል። አሁን ሁሉም እሷን እያየ ነው። በካቴና አስረው በእናቷ ፊት ሲያሳልፏት ታያት።

ጨዋታው በዝግ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከእሷ ሌላ የነበሩት የሟች ታናሽ ወንድምና ዳኛው ብቻ ናቸው። የተጠራው የፖሊስ መርማሪ ቴርሞሱን አሸተተና ሦስቱንም ሰሌዳው ዙሪያ አስቀመጣቸው።

«ሻዩ ተመርዟል።»

«ሊጀምሩ ሲሉ እኔም ወንድሜም ከዚያው ጠጥተናል እኮ!» አለ ወንድምየው።

«እንግዲያው የተመረዘው በጨዋታው መሃል ነው። ማን ወጣ?»

«እሷ!» አለ ዳኛው። «ገና ሲጀመር ወጣ ብላ ተመለሰች። ይሄ የሟች ወንድም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እኔም ከሰሌዳው አልራቅኩም።»

ልጅቷ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«አጀማመሯን አይተሃላ?» አለው መርማሪው ዳኛውን።

«እንዴት አላይ! ወታደሮቿን ከመጀመሪያው መሃል ላይ ተከለቻቸው። ይኸው ቆመዋል።»

መርማሪው ወደ ወንድምየው ዞረ። «አንተስ?»

«እኔ ቼዝ አልችልም፣ ጌታዬ። ግን መሃሉን በሙሉ ለወንድሜ ለቃ ጥግ ጥጉን ስትርመሰመስ ‹ይቺ ልጅ ከማን ነው የምትደበቀው?› ብዬ ስቄያለሁ። መሃል የገባችው መጨረሻ ላይ ነው። ደሞ አልተነሳችም!»

ዳኛው ፈገግ ሊል ሞከረ።

«ያየኸው መጨረሻውን ነው» አለው መርማሪው። «ሲጀመር ውጭ ስለነበርክ መጀመሪያውን ከእሱ ገመትክ። ወንድምየው አልተነሳም ያልከው አንተው ነህ፤ እሷ እንዳልተነሳች ደግሞ እሱ መሰከረ። የቀረኸው አንተ ነህ።»

«ጉቦ እየበላህ ጨዋታ እንደምታበላሽ ወንድሜ ነገ ሊናገር ነበር!» ብሎ ወንድምየው ዘለለ።

የዳኛው እጅ ሳያስበው ወደ ኮት ኪሱ ሄደ። መርማሪው አንጓውን ቀድሞ ያዘው፤ ጣቶቹ መካከል ትንሽ ብልቃጥ ነበረች።

ዳኛውን ሲወስዱት መርማሪው ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለ።

«ልጄ፣ መሃሉን ለምን ለቀቅሽለት?»

«ልቡ ሞልቶ... ከልኩ በላይ እስኪዘረጋ» አለች።

«እኔም ዳኛውን ዝም ብዬ ያስለፈለፍኩት ለዚሁ ነው። በይ፣ እናትሽ ጋ ልውሰድሽ።»

ልትነሳ ሞከረች። ጉልበቷ ግን ገና አላመነም።