ሁለት ጣት ዝቅ ያለው ደረጃ

«ተይኝ፣ ብቻዬን እወጣለሁ» አለ ድንቡሼ የሹፌሯን ልጅ እጅ ገፋ አድርጎ። ወጣም። የአንደኛ ክፍሉ ድንቡሼ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ አንድም ቀን የሚኒባሱን ደረጃ በራሱ እግር ረግጦ አያውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ከብብቱ ይዛ የምታስገባው እሷ ነበረች። ልጆቹ አጨበጨቡለት። እሷም አጨበጨበች፤ ግን ነገሩ ከነከናት። ልጅ በቅዳሜና እሁድ ብቻ እንዲህ ይመዘዛል እንዴ?

ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ናት። አንድ ነገር ከያዘች ሳታጣራ ስለማትለቅ ቤተሰቡ «ጠበቃ» ይላታል። ሚኒባሱ የእናቷ ነው፤ የሰፈሩን አሥራ ሦስት ልጆች እየነዳች ትምህርት ቤት የምታመላልሰውም እናቷ ናት። ቅዳሜ ዕለት አራቱም ጎማዎች ተቀይረዋል። አብሯቸው የሚኖረው የእናቷ ታናሽ ወንድም «ለጎማ እኔ አለሁ፣ አንቺ አትድከሚ» ብሎ መኪናውን ይዞ ሄዶ አዳዲስ አስገጥሞ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እናቷ ልጆቹን እስክትሰበስብ ድረስ ጠበቃ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ጎኑ ላይ 195/65 R15 ይላል፤ መጨረሻው ላይ 91። እሷ ደግሞ የድሮውን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች፦ 195 R15 C፣ መጨረሻው 106። ዓርብ ማታ ከአሮጌው ጎማ ላይ እያንዳንዷን ፊደል ለቅማ ለአጎቷ ወረቀት ላይ የጻፈችለት ራሷ ነቻ! እናቷም አጠገቧ ቆማ አስረድታታለች። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት ነው፤ 15 ጎማው የሚገጠምበት ቸርኬ ልክ ነው፤ የመጨረሻው አንዱ ጎማ ስንት ኪሎ እንደሚችል ይናገራል፣ 106 ማለት ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ኪሎ ነው፣ እሱን ዋዛ እንዳታደርጊው ብላታለች። የጓደኛዋን ስልክ ተውሳ 91ን ፈለገች። ስድስት መቶ አሥራ አምስት። 65 የሚለው ደግሞ የጎኑን ቁመት ይናገራል፤ ጎማው ከድሮው አጭር ስለሆነ መኪናው ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። ድንቡሼማ አንዲት ጣት አልረዘመም።

ደሟ ፈላ። አሥራ ሦስት ልጅ ከነቦርሳው ተጭኖ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት፣ በዚህ ጎማ!

ቤት ስትደርስ አጎቷ ግቢ ውስጥ ጫማውን ይቦርሻል። ቁጥሮቹን ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀባት። አሥራ አምስት ያው አሥራ አምስት ነው፣ ቸርኬው ላይ ልክ ገብቶ የለም ወይ፣ ሱቅ ገብቶ የአሥራ አምስት ጎማ ብሎ የማይጠይቅ ማን አለ አላት። ወረቀቱስ ስትለው ግን ብሩሹን አስቀመጠ። ከጃኬቱ ኪስ አወጣው፤ እሷ እንዳጠፈችው ነው፣ አልተገለጠም።

ከዚያ በኋላ እውነቱ ወጣ። ጎሚስታው ሲገጥም ነግሮት ኖሯል፤ ይሄ የቤት መኪና ጎማ ነው፣ ለሚኒባስ አይሆንም ብሎታል። እሱ ግን ሱቅ ውስጥ «እኔን ስለ ጎማ ታስተምረኛለህ?» ብሎ ሻጩን አፍ አፉን ብሎት ስለወጣ፣ ተመልሶ ተሳስቻለሁ ማለት ሞት መሰለው።

«ለቅዳሜ እቀይረዋለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስከዚያ ዝም በይ፣ የኔ እናት። እህቴ ፊት አታዋርጂኝ።»

«አንተ እንዳታፍር ድንቡሼ በምን ዕዳው ነው?»

አጎቷ ወረቀቱን በእጁ ማገላበጥ ያዘ። ብስክሌት ያስለመዳት እሱ ነው፤ የወደቀች ቀን ጉልበቷን አጥቦ ለእናቷ ሳይናገርባት የቀረውም እሱ ነው። ይሄን ስታስብ የባሰ አንገበገባት። ያን ጊዜ የተላጠው እኮ የራሷ ጉልበት ብቻ ነው! ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ ገባች፤ ማታ እናቷ ምን ሆነሻል ብትላት ደክሞኝ ነው አለቻት። በነጋታው ራሱ ይናገራል ብላ ጠበቀች።

ነጋ። እናቷ ሞተሩን አስነሳች፣ ልጆቹ እነጠበቃ ግቢ በር ላይ ተሰበሰቡ። አጎቷ የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደሰካ ከቤቱ በር ላይ ቆሞ ያያታል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፣ አደራሽን አታድርጊው እንደማለት።

ድንቡሼ ሁሉንም ቀድሞ እየሮጠ መጣና እግሩን አነሳ። ጠበቃ ከብብቱ ይዛ ወደ ኋላ መለሰችው፤ መሬት ላይ አቆመችው።

«ብቻዬን እኮ እችላለሁ» አለ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

«አውቃለሁ» አለችው።

ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች፤ እጥፋቱን ገለጠችው። አጎቷ ወደቆመበት በር ሳትዞር በመኪናው ፊት አልፋ የእናቷን መስኮት አንኳኳች።

«እማዬ፣ ሞተሩን አጥፊውና አንዴ ውረጂ።»