የጋሽ ሽብሩ ጆሮ

ሰኞ ጠዋት ምንትዋብ ሥራ ስትገባ ሁለት ጆሮዎች ጠረጴዛዋ ላይ ይጠብቋት ነበር። አንዱ ውሃ ገብቶበታል፤ ሌላውን ድመት አኝካዋለች። ሁለቱንም ከሻይ ሰዓት በፊት ጠግና ጨረሰች። ሦስተኛው ከነባለቤቱ በጀልባ መጣ።

የመስሚያ ቤተ ሙከራው ሐዋሳ ሐይቅ ላይ እንዲንሳፈፍ የተደረገው ለጸጥታው ሲባል ነው። እዚያ የሚሠራው መሣሪያ «ለይቶ ሰሚ» ይባላል፤ ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፍ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ሰው ሠራሽ ጆሮ ነው። የደከመ ነርቭ ብዙ ድምፅ በአንዴ መሸከም ስለማይችል፣ መሣሪያው ዋናውን መርጦ ያሳልፍና ሌላውን ያደበዝዛል። ዋናው የቱ እንደሆነ የሚወስነው ባለቤቱ ነው።

ጋሽ ሽብሩ ከሦስት ወር በፊት ወስነው ነበር። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከባድ መኪና በእጅ ይነዳ በነበረበት ዘመን ከመጨረሻዎቹ ሾፌሮች አንዱ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሞያሌ መንገድ ካንትሪ የሚባለውን የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ እየሰሙ ተመላልሰዋል። «ለካንትሪ አስተካክሉልኝ» አሉ፤ ተስተካከለላቸው። እንዲህ ሲስተካከል መሣሪያው ከሁሉ በፊት የሰው ድምፅ ይፈልጋል፤ ታሪኩን የሚናገረውን ዘፋኝ ወደ ፊት አምጥቶ ጊታሩን ከኋላ ያስከትላል። ለክላሲካል ሲሆን ግን ማንንም አያስቀድምም፤ ለመሣሪያዎቹ ሁሉ እኩል ቦታ ይሰጣል።

ችግሩን የተናገረችው ልጃቸው ማሂደር ናት። የከተማው ኦርኬስትራ ቫዮሊን ተጫዋች ስትሆን የቫዮሊን ሳጥኗን አቅፋ ነበር የመጣችው።

«ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ተጫወትኩ» አለች። «አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አያስልም። መሃል ላይ አባዬ ብድግ ብሎ፣ ‹ማናት ይህቺ የምታወራው ሴትዮ?› ብሎ ጮኸ።»

«ጮኽኩ እንዴ?» አሉ ጋሽ ሽብሩ ወደ ምንትዋብ ዞረው።

«አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየው። ሐሙስ እንደገና እንጫወታለን። ጆሮው ካልተስተካከለ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ።»

ጋሽ ሽብሩ መሬት መሬቱን አዩ።

ማስተካከሉ ቀላል ነበር። መሣሪያውን ወደ ክላሲካል ለማዞር አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ የድሮው ማስተካከያ ግን ይጠፋል። ምንትዋብ እጇን ልትሰድ ብላ መለሰችው። በሰባት ዓመት ሥራዋ፣ የሌለ ሰው የሚሰማ ጆሮ ገጥሟት አያውቅም።

«ሴትዮዋ ምን ትል ነበር፣ ጋሼ?»

«ቃሉ አይያዝም፣ ልጄ። ግን ሰው ሸኝታ እንደተመለሰች ያስታውቃል። ቤቱ ባዶ ሆኖባታል።»

ምንትዋብ የሳቸውን ጆሮ ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘችና ማሂደር እንድትጫወት ጠየቀቻት። ከማጉያው የወጣው የቫዮሊን ድምፅ አልነበረም። ከግድግዳ ወዲያ ብቻዋን የምታወራ ሴት ድምፅ ነበር፤ ትጀምራለች፣ ትተወዋለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች። ማሂደር ደንግጣ ደጋኗን ከክሮቹ ላይ ስታነሳ ሴትዮዋም ዝም አለች።

«አሁን ደግሞ ካንትሪ ተጫወቺልኝ፤ ላወዳድረው» አለች ምንትዋብ።

«ኖታው የለኝም።»

ጋሽ ሽብሩ ማንጎራጎር ጀመሩ። አርባ ገጽ ኖታ ሳትሳሳት የምታነበው ልጅ የሦስት ደቂቃ ዘፈን አስቸገራት።

«አትቸኩይ» አሉ አባቷ። «የዘፈኑ ሰውዬ ገና በሩ ላይ ቆሟል፤ አልገባም።»

«እንደምቆይ በምን አውቃለሁ? ምልክት የለው!»

«የምን ምልክት? ያሳዝናል፤ ስለዚህ ትቆያለሽ።»

«እኛ ጋ ይሄ ይጻፋል፣ አባዬ» አለች፤ ግን ቆየች። በአራተኛው ሙከራ ጋሽ ሽብሩ በጉልበታቸው ላይ በጣታቸው መምታት ጀመሩ።

ምንትዋብ መሣሪያው ቅዳሜ ቀድቶ ያስቀረውን ዜማና የአሁኑን ዘፈን በማሳያ ሰሌዳው ላይ እንደ መስመር ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። የክላሲካሉ መስመር እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ እየተከፋፈለ፣ እየተገናኘ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል። የካንትሪው እንደ ረጅም መንገድ አንድ ብቻ ነው። ቢሆንም ሁለቱም ከአንድ ድምፅ ተነስተው ይርቃሉ፤ ተመልሰው ሊደርሱበት ጥቂት ሲቀራቸው ሁለቱም ያመነታሉ። እዚያች ቦታ ላይ መስመሮቹን መለየት አቃታት።

ከዚያ መሣሪያው መስማት የተማረበትን መዝገብ ከፈተች። የተበላሸ ነገር ነበር የምትፈልገው። መሣሪያው የሠለጠነው ጤነኛ ጆሮ ባላቸው አራት ሺህ ሰዎች አእምሮ ላይ ነው፤ ሙዚቃ ሲሰሙ የትኛው የአእምሮ ክፍል እንደሚነቃ እያየ ተምሯል። እነዚህ ሰዎች ቃል የሌለው ቫዮሊን ሲሰሙ፣ የሰው ንግግር የሚያዳምጠው ክፍል አብሮ ይነቃል። መሐንዲሶቹ አላስተዋሉትም። መሣሪያው ግን ሰው አለ ብሎ ያዘ።

«ብልሽት የለውም» አለች ቀስ ብላ። «ሁላችንም እንዲህ ነው የምንሰማው። ሌላው ድምፅ ስለሚደራረብብን አይታወቀንም። የጋሼ ጆሮ ሴትዮዋን ብቻ አስቀረ።»



«ቢሆንም አጥፊልኝ» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «ሴትዮዋን ሳይሆን ልጄን ነው መስማት የምፈልገው። ስንት ዓመት በሯን ዘግታ ስትለማመድ አንድ ቀን አስገቢኝ አላልኳትም።»

ማሂደር ቫዮሊኗን ሳጥኑ ውስጥ ልታስቀምጥ ጎንበስ ብላ ነበር። እዚያው እንዳለች ቀረች።

«አባዬ፣ ሴትዮዋ እኮ እኔ ነኝ።»

«ማንን ሸኝተሽ ነው?»

«አንተን ነዋ» አለች። «ልጅ ሆኜ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ መኪናውን አስነስተህ ስትሄድ።»

ጋሽ ሽብሩ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ጀርባ ሰደዱና መሣሪያውን ሸፍነው ያዙት፤ ማንም እንዳይነካው የፈለጉ ይመስላሉ። ምንትዋብ የሥራ ወረቀቱ ላይ «ብልሽት አልተገኘም» ብላ ጻፈች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሄደች። ማንም አልጋበዛትም፤ ማወቅ ስለፈለገች ብቻ ነው። ማሂደር መጫወት ስትጀምር ምንትዋብ ዓይኗን ጨፍና ሴትዮዋን ፈለገቻት። የሰማችው ቫዮሊን ብቻ ነበር። አልሆን ሲላት ዓይኗን ገለጠችና ዙሪያዋን አየች።

ሦስት መቶ ሰው በየወንበሩ ትንሽ ወደ ፊት አዘንብሏል። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራን፣ ቃሉ እንዳያመልጠን የምናዘነብለውን ያህል። ማንም ማዘንበሉን አላወቀም። በመጨረሻው ረድፍ ጋሽ ሽብሩ ብቻ ወንበራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ለሳቸው በደንብ ይሰማል።